ዘጠኝ ባይት

አንድ ሥዕል በፒኤንጂ ፋይል ሲቀመጥ ከቀለሞቹ ጋር አንዲት ትንሽ ማስታወሻ አብራ ልትቀመጥ ትችላለች። ይዘቷ ዘጠኝ ባይት ነው፤ አራቱ ለወርድ፣ አራቱ ለቁመት፣ አንዱ ለመለኪያው ዓይነት። ማስታወሻዋ የምትለው «ስታተም በአንድ ሜትር ውስጥ ይህን ያህል ፒክስል ይደርደርልኝ» ነው። እዚያ ላይ 11811 ተብሎ ከተጻፈ ፋይሉ «300 ዲፒአይ ነኝ» ይላል። ቁጥሩን ለመቀየር አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ሥዕሉ ግን ያው ነው፤ አንዲት ፒክስል አልጨመረም፣ አልቀነሰም።

ጥያቄዬ ይሄ ነው፦ ማተሚያ ቤቱ 300 ስላለ ብቻ እነዚህን ዘጠኝ ባይቶች 300 እንዲሉ ማድረግ ውሸት ነው ወይስ አይደለም?

ለአንዳንዶቻችሁ የቴክኒክ ጥያቄ ሊመስላችሁ ይችላል። እኔም ምህንድስና የተማርኩ ሰው ነኝና መጀመሪያ እንደዚያ ነው ያየሁት። እያሰብኩበት ስሄድ ግን ከሥዕል አልፎ ሄደ። ሁላችንም በየሥራችን ነገሩን ሳናሟላ ቁጥሩን ብቻ የምናሟላበት ቦታ አለን። በእኛ ሙያ ለምሳሌ «ከኮዱ 80 በመቶው በቴስት ይሸፈን» የሚል ሕግ ይወጣል። ከዚያ ምንም የማይፈትሽ ቴስት ይጻፋል፤ ኮዱን ይነካዋል፣ ውጤቱን አያይም። ቁጥሩ 80 ይሞላል፣ አለቃ ደስ ይለዋል፣ ፕሮግራሙ ግን እንደተበላሸ ነው። እንግሊዛዊው የኢኮኖሚ ባለሙያ ቻርለስ ጉድሃርት በ1975 (እ.ኤ.አ.) ስለ ገንዘብ ፖሊሲ ሲጽፍ ያነሳው ሐሳብ ዛሬ በስሙ የሚጠራው ለዚህ ነው፦ መለኪያን ግብ ካደረግከው መለካት ያቆማል።

የ300 ጉዳይ ወደ እኔ የመጣው በጎረቤት በኩል ነው። የምኖረው መልካ ጀብዱ ነው። ከድሬዳዋ መሃል ወጣ ብሎ፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ያለበት፣ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የተመረቀው ነፃ የንግድ ቀጣና ያለበት፣ የጅቡቲ ከባድ መኪና የሚመላለስበት ሰፈር። እዚህ ኮምፒውተር የሚነካ ሰው የሁሉም ነገር ባለሙያ ነው። «ሥራዬ ሶፍትዌር ነው» ብል ሰሚ የለኝም፤ ፕሪንተር ሲበላሽ እኔ፣ የቴሌግራም አካውንት ሲዘጋ እኔ፣ መጽሐፍ ሲታተም እኔ።

የጎረቤታችን ልጅ ሥዕል ትሥላለች። ቀፊራ ገበያ ውስጥ ስለጠፋች አንዲት ፍየል የልጆች መጽሐፍ ሠራች፤ ታሪኩ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛ፣ ሥዕሉ 24 ገጽ። ሁሉንም በስልኳ ነው የሣለችው፣ ለኢንስታግራም በሚመች መጠን፣ 1080 በ1080 ፒክስል። ገንዘቡን ከየትም ከየትም አጠራቅማ አዲስ አበባ ካለ አንድ ማተሚያ ቤት ጋር ተነጋገረች። መልሳቸው አጭር ነበር፦ «21 በ21 ሴንቲ ሜትር፣ 300 ዲፒአይ፣ ሲኤምዋይኬ።» እሷም ወደ እኔ መጣች። «አቦ አንተ ታውቅ የለ፣ 300 አድርጋትና እንላካት።»

እዚህ ላይ 300 ከየት እንደመጣ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ከሰማይ የወረደ ቁጥር አይደለም። ጤነኛ ዐይን ከ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ሁለት ነጥቦችን ለያይቶ የሚያየው በመካከላቸው 0.09 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲኖር ነው። ይህን በአንድ ኢንች፣ ማለትም በ2.54 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ብትደረድሩት 290 አካባቢ ይመጣል። የማተሚያው ማሽን በበኩሉ ሥዕሉን ወደ ጥቃቅን የቀለም ነጠብጣቦች ይሰባብረዋል። ጥሩ ወረቀት ላይ በአንድ ኢንች 150 ረድፍ የተለመደ ነው፤ ለእያንዳንዱ ረድፍ ሁለት ፒክስል ሲታሰብ 300 ይሆናል። እንግዲህ ቁጥሩ ስለ ሰው ዐይንና ስለ ቀለም የተነገረ ነገር ነው። ጋዜጣ በሻካራ ወረቀት ስለሚታተም ከዚያ ባነሰ ይበቃዋል። መንገድ ዳር የቆመ ትልቅ ማስታወቂያ ከሩቅ ስለሚታይ ከዚያም በጣም ባነሰ ይበቃዋል።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። 1080 ለ300 ሲካፈል 3.6 ኢንች፣ ማለትም 9 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የልጅቷ ሥዕል በማተሚያ ቤቱ መስፈርት የመዳፍ ያህል ነው። 21 ሴንቲ ሜትር ላይ ከተለጠጠ ደግሞ በኢንች 131 ፒክስል ብቻ ይቀረዋል።

ይህን ለመሸፈን ሦስት መንገድ አለ። የሥነ ምግባሩ ነገር የሚገባን ሦስቱን አንድ በአንድ ስናይ ይመስለኛል።

የመጀመሪያው ዘጠኙን ባይት መቀየር ነው። የሚገርመው፣ በጥብቅ ካየነው ይህ ውሸት አይደለም። 1080 ፒክስል ያለው ፋይል «300 ነኝ» ሲል «በ9 ሴንቲ ሜትር አትሙኝ» ማለቱ ነው፤ እውነቱን ነው። ጂምፕ ውስጥ «የኅትመት መጠን» የሚለው ይህን ብቻ ነው የሚቀይረው። ፎቶሾፕም «ሪሳምፕል» የሚለውን ምልክት ካነሳችሁለት እንደዚያው ነው። ውሸቱ የሚመጣው ያ ፋይል 21 ሴንቲ ሜትር ላይ እንደሚለጠጥ እያወቅን ባለ ማተሚያው ፋይሉን ከፍቶ «300፣ ጥሩ» ብሎ እንዲያልፍ ተስፋ ስናደርግ ነው። ቁጥሩ እውነት ሆኖ ላኪው ሊዋሽ ይችላል። ይህ እኔ የማውቀውን የውሸት ትርጉም ትንሽ አናጋብኝ። ውሸት የተሳሳተ ቃል መናገር ብቻ ቢሆን ኖሮ በእውነተኛ ቃል መዋሸት ባልተቻለ ነበር።

ሁለተኛው መንገድ ፒክስሎቹን እውነትም ማብዛት ነው። ፕሮግራሙን «1080ውን 2480 አድርግልኝ» ትሉታላችሁ፤ ያደርገዋል። አሁን ሥዕሉ 6,150,400 ፒክስል አለው። ከነዚህ ልጅቷ ከሣለችው ጋር የሚስተካከለው 1,166,400 ነው። ከአምስቱ አራቱን የሠራው ሒሳብ ነው ማለት ነው። ሒሳቡ ክፉ አይደለም። ባይኪዩቢክ የሚባለው ዘዴ በዙሪያው ያሉትን 16 ፒክስሎች አይቶ፣ ቅርቡን አብልጦ ሩቁን አሳንሶ፣ አማካይ ያወጣል። ከሌላ ቦታ ያመጣው ነገር የለም። ጎረቤቶቹን ጠይቆ የመሃሉን እንደመገመት ነው። ውጤቱም ይህን ይመሰክራል፤ የፍየሏ ጠርዝ ይለሰልሳል፣ ጥርት ያለው መስመር ይደበዝዛል። ፋይሉን የሚመረምረው ሶፍትዌር ግን መደብዘዝን አይለካም፤ ፒክስል ቆጥሮ 300 ይላል።

ሦስተኛው በሰው ሠራሽ አስተውሎት ማጉላት ነው። ይሄኛው አይደበዝዝም። ፀጉር ይሥላል፣ ሽፋሽፍት ይሥላል፣ የጨርቅ ድርና ማግ ይሥላል። ከየት አመጣው? ከዚህ በፊት ካያቸው ሚሊዮኖች ሥዕሎች። በ2020 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ከዱክ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ፐልስ የሚባል ፕሮግራም ነበር፤ የተጨፈለቀ የፊት ምስል ተቀብሎ ጥርት ያለ ፊት ያወጣል። ሰዎች የባራክ ኦባማን ደብዛዛ ምስል ሲሰጡት ነጭ ሰው አወጣላቸው። ፕሮግራሙ አልተሳሳተም ማለት ይቻላል፤ የወጣው ፊት ሲጨፈለቅ ከተሰጠው ምስል ጋር ይገጥማል። ችግሩ፣ ከዚያ ደብዛዛ ምስል ጋር የሚገጥሙ ፊቶች እልፍ ናቸው፤ እሱ ደግሞ የመረጠው የለመደውን ነው።

ይህን በመጽሐፍ ሳይሆን በሰፈር አይቼዋለሁ። በጅቡቲ መስመር የሚነዳ አንድ ሾፌር የእናቱን ፎቶ ይዞ መጣ። የቀረው ከቀበሌ መታወቂያ ላይ በስልክ የተነሳ ጉርድ ፎቶ ብቻ ነው። ለሙት ዓመቷ ተለቅ አድርጎ ግድግዳ ላይ መስቀል ፈለገ። በፕሮግራሙ አጎላሁለት። ዐይኗ በራ፣ የነጠላዋ ጥለት ሳይቀር ወጣ። ብዙ አየው። «ቆንጆ ናት» አለ። ቀጥሎ «ግን ያቺ ነጥብ የታለች?» አለኝ። ደብዛዛው ፎቶ ላይ ከግራ ዐይኗ ሥር አራት የማይሞሉ ጠቆር ያሉ ፒክስሎች ነበሩ። ፕሮግራሙ ቆሻሻ መስለውት አጽድቷቸዋል። ለሱ ግን በልጅነቷ እሳት የነካት ጠባሳ ናቸው። «እሷን መልስልኝ፣ ሌላው ይቅር።» ደብዛዛውን አተምንለት።

ደብዛዛ ምስል አንድ መልካም ጠባይ አለው፦ የማያውቀውን አያወራም። «ይህን ያህል አይቻለሁ፣ ከዚህ ወዲያ አላውቅም» ይላል። ጥሩ ምስክር እንደዚያ ነው። ዳኛ ፊት ቆሞ ያላየውን አሳምሮ ከሚተርክ ሰው፣ ያየውን ተንተባትቦ የሚናገር ይሻላል። በ2013 (እ.ኤ.አ.) ዴቪድ ክሪዘል የተባለ ጀርመናዊ የኮምፒውተር ባለሙያ ያጋለጠው ጉዳይ ይህን ያሳያል። አንዳንድ የዜሮክስ ማሽኖች ሰነድ ስካን ሲያደርጉ ቦታ ለመቆጠብ ተመሳሳይ የመሰሏቸውን ቁርጥራጮች እየተኩ ቁጥር ይቀይሩ ነበር። በአንድ የቤት ፕላን ላይ 21.11 ካሬ ሜትር የነበረው ክፍል 14.13 ሆኖ ወጣ። ጽሑፉ ቁልጭ ያለ ነው፤ ማንም አይጠረጥረውም። የደበዘዘ ቁጥር ቢሆን ኖሮ አንባቢው ዋናውን አምጡ ይል ነበር። ጥራት እምነት ይገዛል፤ ስለዚህ ሐሰተኛ ጥራት እምነትን በሐሰተኛ ብር እንደመግዛት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ አለ፤ አንድ ጓደኛዬ አንስቶብኛል። «ሠዓሊዋ ራሷ ፒክስል ፈጣሪ አይደለችም እንዴ? ፍየሏን ማን አይቷት? እሷ ብትጨምር ጥበብ፣ ማሽን ቢጨምር ውሸት የሚሆነው ለምንድን ነው?» ልክ ነው። ፈጠራ በራሱ ኃጢአት ከሆነ ሥዕል ሁሉ ኃጢአት ነው። እኔ የደረስኩበት መልስ ይህ ነው፦ ውሸት ያለው ፒክስሉ ውስጥ አይደለም፤ ከምስሉ ጋር ለሰው በምንሰጠው ቃል ውስጥ ነው። የፍየሏ ሥዕል «እንዲህ ያለች ፍየል ነበረች» አይልም፤ «እንዲህ ያለች ፍየል አስቡ» ነው የሚለው። የመታወቂያው ፎቶ ግን «ይህች እሷ ናት» ይላል። ስለዚህ የሥዕሉን ሰማይ ማሽን ቢያጎላው የሚከፋበት እናት የለም። ለማተሚያ ቤቱ ግን ሌላ ቃል ተሰጥቷል፦ «21 ሴንቲ ሜትር ላይ በቂ ዝርዝር አለኝ።» የሚጠየቀው ያ ቃል ነው።

ድሬ ውስጥ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከከተማው በስተ ደቡብ ጥቂት ኪሎ ሜትር ላይ ፈረንሳዮቹ ፖርክ ኤፒክ፣ «ጃርት»፣ ብለው የሰየሙት ዋሻ አለ። ቴያር ደ ሻርደን እና ሄንሪ ደ ሞንፍሬድ በ1929 አገኙት፤ በ1933 ደግሞ የዋሻ ሥዕል ሊቁ ቄስ ብሩይ መጥቶ ግድግዳው ላይ ያሉትን የደበዘዙ ሥዕሎች አጠና (ዓመታቱ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ከዋሻው ወለል 40 ኪሎ ግራም የሚደርስ፣ ከ4,000 በላይ ቁራጭ ቀይ አፈር ተቆፍሮ ወጥቷል፤ ከ40,000 ዓመት ገደማ በፊት ሰዎች እየፈጩ ለቀለም የተጠቀሙበት። እንግዲህ የዋሻ ሥዕል የሚገለብጥ ሰው የኛው ፈተና ነው ያለበት። ግማሹ የጠፋ እንስሳ ፊቱ አለ። ቀንዱን ይጨርስለት ወይስ ይተወው? ሙያው ያገኘው መላ ቀላል ነው፤ በግልጽ የታየው በሙሉ መስመር፣ የተገመተው በነጥብ መስመር ይሣላል። የጥንት ጽሑፍ የሚያሳትሙም የጠፋውን ፊደል ሲሞሉ በቅንፍ ያጥሩታል።

ከሁሉ የምወደው ግን ጣሊያኖቹ ያገኙትን ነው። በ1939 (እ.ኤ.አ.) ሮም ውስጥ የተቋቋመው የጥገና ተቋም፣ በቼዛሬ ብራንዲ መሪነት፣ ትራቴጆ የሚባል ዘዴ አዳበረ። ከጥንታዊ ሥዕል ላይ የተላጠው ቦታ በቀጫጭን ቋሚ የቀለም መስመሮች ይሞላል። ራቅ ብላችሁ ስታዩት ሥዕሉ ሙሉ ነው፤ ጉድለቱ አይረብሽም። ጠጋ ስትሉ መስመሮቹ ይታያሉ፤ «ይህን የሞላሁት እኔ ነኝ፣ ሠዓሊው አይደለም» ይላሉ። ባዶውን መተው የሥዕሉን ውበት ይጎዳል፤ ደብቆ መሙላት ደግሞ እውነቱን ይጎዳል። እነሱ ሁለቱንም አዳኑ።

«ታዲያ ማን ተጎዳ? ለልጆች መጽሐፍ ይሄ ሁሉ?» ትሉ ይሆናል። ተጎጂው አለ። ልጅቷ ሥዕሉ ላይ ጽሑፉንም በእጇ ጽፋው ነበር። የኛ ፊደል ደግሞ በትንሽ ጭረት ነው የሚለያየው፤ ሰ እና ሸ፣ ነ እና ኘ፣ በ እና ቡ። ማንበብ የለመደ ሰው ከዐረፍተ ነገሩ ይገምታል። ፊደል ገና የሚቆጥር ልጅ ግን ያችን ጭረት ነው የሚፈልገው፤ ስትደበዝዝበት ጥፋቱ የራሱ ይመስለዋል። እና ደግሞ ወረቀት እንደኛ ሥራ አይደለም። እኛ ስንሳሳት ነገ ማሻሻያ እንለቃለን። የታተመ መጽሐፍ ማሻሻያ የለውም።

የብራና ጸሐፊዎች ይህን ያውቁ ነበር። አንዲት ፊደል ሳትጻፍ በፊት ብራናው በወስፌ ይበሳል፣ ከቀዳዳ እስከ ቀዳዳ ይሰመራል። የገጹ መጠን፣ የዓምዱ ስፋት፣ የመስመሩ ብዛት አስቀድሞ ይወሰናል፤ ቆዳ መሃል ላይ አይለጠጥም። ዛሬ አዲስ ሸራ ስትከፍቱ ፕሮግራሙ የሚጠይቃችሁ ያንኑ ነው። 21 ሴንቲ ሜትር ለማተም ካሰባችሁ 2480 ፒክስል ላይ ጀምሩ፤ ለሚቆረጠው ጠርዝ በየጎኑ 3 ሚሊ ሜትር ጨምሩ። ጽሑፉን ከሥዕሉ ጋር አትጨፍልቁት፤ በፎንት ለብቻው ይቀመጥ። ፋይሉን በቴሌግራም ስትልኩ በፎቶ መልክ ሳይሆን በፋይል መልክ ላኩ፤ ፎቶ ካላችሁት ይጨምቀዋል።

ጎረቤቴ ይህን ሁሉ አስቀድሞ የሚነግራት ሰው አልነበራትም። ያለውን ቁጭ ብለን ቆጠርነው። መጽሐፉን 15 በ15 ካደረግነው ሥዕሎቹ በኢንች 183 ፒክስል ይኖራቸዋል፤ ግሩም አይደለም፣ ግን ለዐይን አያሳፍርም። ሽፋኑንና ፊት በጉልህ የሚታይባቸውን ሦስት ገጾች እንደገና ልትሥል ወሰነች። ጽሑፉን በፎንት አስገባነው። ለማተሚያ ቤቱ የጻፈችው መልእክት እንዲህ ይላል፦ «አራቱ 300 ናቸው፣ የቀሩት 183 ናቸው፣ እናውቃለን፣ በዚሁ ይታተምልን።» እነሱም «እሺ፣ ናሙና እናሳይሻለን» አሉ። በቃ። እውነቱን ለመናገር የፈጀው አንድ መስመር ነው።

የሚከነክነኝ ግን የኛ የሶፍትዌር ሠሪዎች ድርሻ ነው። ፋይል ኤክስፖርት የሚደረግበት መስኮት ላይ «ዲፒአይ ስንት ይሁን?» የሚል ሳጥን አለ። «ከዚህ ውስጥ ስንቱን ሰው ሠራው፣ ስንቱን እኔ ሞላሁት?» የሚል ሳጥን ግን በአብዛኛው የለም። ከ2021 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሲቱፒኤ በሚባል ማኅበር ሥር ትላልቅ ኩባንያዎች ምስል ከየት እንደመጣና ምን እንደተደረገበት አብሮት የሚጓዝበትን መለያ እያዘጋጁ ነው። ጥሩ ጅምር ነው፤ ግን ስክሪንሾት ሲነሳ ይጠፋል። እስኪጠናከር ድረስ የነጥብ መስመሩን የምንሥለው እኛ፣ ፋይሉን የምንልከው ሰዎች ነን።

ስለዚህ ወደ ጥያቄው። ዘጠኙን ባይት መቀየር ውሸት አይደለም። እንዲያውም ሥዕሉ በትክክለኛ መጠኑ እንዲታተም መቀየር ያስፈልጋቸዋል። ውሸት የሚሆነው ሌላው ሰው እንዲያምንበት የምንፈልገውን ነገር ራሳችን ሳናምንበት ስንልከው ነው። ለዚያ ደግሞ ምርመራ የሚሠራ ሶፍትዌር የለም፤ ላኪው ብቻ ነው የሚያውቀው።